ፍሬን ድንገት አይበጠስም፦ በአሮጌ ፒካፕ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ አሮጌ ደብል ጋቢና ሂሉክስ ጋራዣችን ገባ። ባለቤቱ ገና ሳይወርዱ ከወንበራቸው ሥር አንድ ጠርሙስ አወጡና አሳዩኝ። ግማሽ ደርሷል።

«የፍሬን ዘይት ትንሽ ይበላል። ችግር የለውም፣ እየጨመርኩለት ነው። የመጣሁት ለፍሪሲዮኑ ነው።»

«በስንት ጊዜው ነው የሚጨምሩለት ጋሼ?»

«በየሳምንቱ። እንደ ሕፃን ልጅ ነው፣ ጡጦውን ይዤለት ነው የምዞረው።»

እሳቸው ሳቁ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። በዚህ ዓመት ጡጦ ይዞ የመጣ ስንተኛው ሰው እንደሆኑ ቆጠራውን ትቼዋለሁ። ይህን የምጽፈው በዚያ ጠርሙስ ምክንያት ነው።

የማወራው በአብዛኛው ስለ አሮጌ ሂሉክስ ነው። የፊት ፍሬኑ ዲስክ፣ የኋላው ታምቡር (ከበሮ)፣ 3ኤል ወይም 5ኤል ናፍጣ ሞተር ያለው። ሌላ ፒካፕ የያዛችሁም ብዙው ነገር ይመለከታችኋል።

እየጨመሩ መንዳት

የሞተር ዘይት ይበላል ሲባል ይገባኛል። ፒስተኑን አልፎ ይቃጠላል፣ በጭስ ይወጣል። የፍሬን ዘይት ግን የሚቃጠልበት ቦታ የለም። ፔዳሉ ከሚገፋው ማስተር ሲሊንደር ተነስቶ በቱቦ እስከ ጎማ ይሄዳል፣ እዚያ መንገዱ ዝግ ነው። ከጎደለ ወይ ወጥቷል፣ ወይ ቦታ ቀይሯል። ሌላ መልስ የለውም።

ቦታ መቀየር ማለት ይህ ነው። ዲስኩን የሚጨብጠው የፊት ፓድ እያለቀ ሲሄድ፣ ፓዱን የሚገፋው የካሊፐሩ ፒስተን ወደ ውጭ ይወጣል። ከኋላው የቀረውን ባዶ ቦታ ዘይት ይሞላዋል። ስለዚህ በብዙ ወራት ውስጥ በዘይቱ ዕቃ ላይ ካለው የላይኛው መስመር ቀስ እያለ ወደ ታችኛው መውረዱ ጤነኛ ነገር ነው። ፓዱ ተቀይሮ ፒስተኑ ወደ ውስጥ ሲገፋ ዘይቱ ራሱ ተመልሶ ከፍ ይላል። በመሀል እስከ አፉ ሞልታችሁት ከነበረ ግን ያን ቀን ገንፍሎ ይፈስና ያገኘውን ቀለም ሁሉ ይልጣል።

በየሳምንቱ የሚጎድል ዘይት ከፓድ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ያፈሳል። አበቃ።

«ግን እኮ ይይዛል» ይሉኛል። አዎ፣ ይይዛል። ቀስ ብላችሁ ስትረግጡት ይይዛል። ያረጀ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያግደው ጎማ) በከተማ መንገድ፣ ለስለስ ባለ አረጋገጥ፣ ጠብ ጠብ እያለ ወራት ሊቆይ ይችላል። ልጅ ኳሱን ተከትሎ መንገድ ሲገባባችሁ ግን በሙሉ ጉልበታችሁ ነው የምትረግጡት። በዚያች ቅጽበት ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት በቀላሉ ከ70 ባር ያልፋል። ጎማችሁ ውስጥ ያለው አየር 2 ወይም 3 ባር ነው፤ አስተያዩት። ጎሚኒው የሚለቀው ያኔ ነው፣ በጣም በፈለጋችሁት ሰዓት። ከዚያ ሰው ተሰብስቦ «ፍሬን በጠሰ» ይላል። የሚበጠስ ገመድ ያለው ይመስል! እኔ በሙያዬ ድንገት የተበጠሰ ፍሬን ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው። የቀረው ሁሉ አስቀድሞ ለወራት ሲናገር የነበረ ነው። የሚናገረው ደግሞ ዘይቱ ሲጎድል ነው። እናንተ በጨመራችሁ ቁጥር አፉን ትዘጉታላችሁ።

ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ መብራት ሲበራ ዘይት ጨምሮ ማጥፋትም ያው ነው። ጭስ የሸተተው ሰው መስኮት ከፍቶ ተመልሶ ይተኛል?

ከጎደለ ሙሉ፣ ግን መስመሩ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ቀኑን ጻፉ። በዚያው ሳምንት ጋራዥ ግቡ። የዘይቱ ዕቃ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ የትኛው ወገን እንደጎደለ ለመካኒኩ ንገሩት። አንዱ የፊት፣ አንዱ የኋላ ስለሆነ ግማሽ ሥራ አቀለላችሁለት ማለት ነው።

መሬት ላይ ጠብታ የለም ብሎ መተኛት

የጋሼን ሂሉክስ አነሳነው። አራቱም ጎማ ደረቅ ነው። ቱቦው ደረቅ ነው። ከሥሩ ያስቀመጥነው ካርቶን ላይ አንዲት ጠብታ የለችም። «አየህ፣ ይበላል እንጂ አያፈስም» አሉኝ። እውነት ለመናገር ሰውዬው የተሳሳቱበት ምክንያት ይገባኛል።

ኮፋኖውን ከፍቼ ማስተር ሲሊንደሩና ሰርቮው (የእግርን ጉልበት የሚያግዘው ክብ ዕቃ) የሚገናኙበትን ቦታ በባትሪ አየሁ። ከማስተሩ ሥር የሰርቮው ጥቁር ቀለም ሦስት ጣት ያህል ወደ ታች ተልጦ፣ ዳር ዳሩ እንደ ቃጠሎ አብጧል። የፍሬን ዘይት ባለፈበት ቀለም አይተርፍም። ሁለቱን ዳዶ ፈታሁ፣ ቱቦዎቹን ሳልነካ ማስተሩን ወደ ፊት ሳብ አደረግኩት። ጀርባው እርጥብ ነው። መርፌ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክቼ ወደ ሰርቮው ሆድ አስገባሁና መጠጥኩ። ግማሽ ብርጭቆ የሚሆን ዘይት ወጣ። ጋሼ ያን ሁሉ ጊዜ የገዙት ዘይት ተጠራቅሞ እዚያ ተቀምጧል፤ የቀረውን ደግሞ የቫኪዩም ፓምፑ ወደ ሞተር ስቦታል።

የማስተሩ የኋላ ጎሚኒ ሲያረጅ ዘይቱ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ወደ ውጭ አይደለም። ቆይቶ የሰርቮውን ጎማ ያበላሸዋል፤ ያኔ ሁለት ዕቃ ትገዛላችሁ።

ሁለተኛው መደበቂያ የኋላ ታምቡር ነው። ሸራውን ወደ ታምቡሩ የሚገፋው ዊል ሲሊንደር ሲያፈስ መጀመሪያ የሚጠጣው ሸራው ነው፣ ከዚያ አቧራው። መሬት ላይ ጠብ የሚለው እነሱ ጠግበው ሲተርፍ ነው። የጎማውን የውስጥ ግድግዳ እዩ። ከላይ ወደ ታች የወረደ ጥቁር መስመር ካለ ታምቡሩን አውልቁ። ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ አይድንም። በቤንዚን አጥቦ፣ በእሳት አቃጥሎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ የሚመልስ አይቻለሁ። ሲሞቅ ከውስጡ ተመልሶ ይወጣል። የሁለቱንም ጎማ ሸራ ቀይሩ፣ የአንዱን ብቻ ከቀየራችሁ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።

ያገኙትን እርጥበት ሁሉ የፍሬን ዘይት ማድረግ

ይህ የጀማሪዎች ነው፣ ስለዚህ አልቆጣም። እርጥብ ነገር ስታዩ መጀመሪያ ጣታችሁን ንከሩ፣ ከዚያ ውሃ አፍስሱበት። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፣ በውሃ ብቻ ይለቃል። የዲፈረንሻል ዘይት ወፍራም ነው፣ ሽታው ድኝ ድኝ ይላል፣ ውሃ አይነካውም። የኋላ ጎማ ውስጥ ያገኛችሁት ይህኛው ከሆነ የአክስሉ ኦይል ሲል ነው የፈሰሰው፤ ዊል ሲሊንደር ብትቀይሩ ለውጥ የለም።

ጋቢና ውስጥ፣ ከግራ እግራችሁ በታች ምንጣፉ ከረጠበ ደግሞ ፍሪሲዮኑን ጠርጥሩ። የፍሪሲዮን ማስተር በቀጥታ ወደ ጋቢና ነው የሚያፈሰው። ዘይቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሰው ይደናገጣል። ኮፋኖ ከፍቶ የትኛው ዕቃ እንደጎደለ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ፔዳሉን ሳይጠይቁ ጎማ መፍታት

አዲስ የገባ ልጅ «ፍሬን አልያዘም» ሲባል ክሪክ ይዞ ይሮጣል። ተው እላለሁ፣ መጀመሪያ ቁጭ በልና ርገጥ።

ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቷል። ረግጣችሁ ስትይዙት ቀስ እያለ ከወረደና የትም ቦታ እርጥበት ከሌለ ማስተሩ በውስጡ እያሳለፈ ነው። ዘይት ሳይጎድል ፍሬን የሚጠፋበት አንዱ መንገድ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው አያምነኝም። እንደ ድንጋይ ጠንክሮ መኪናው ካልቆመ ወደ ሰርቮ ሂዱ። ሞተር አጥፍታችሁ አራት አምስት ጊዜ ርገጡ፣ እግራችሁን ሳታነሱ አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች መስመጥ አለበት። ካልሰመጠ የሰርቮው ቱቦ፣ ቫልቩ ወይም ከአልተርኔተሩ ጀርባ ያለው የቫኪዩም ፓምፕ ነው። እግረ መንገዴን፦ ሰርቮ የሚሠራው በውጭው አየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ ያ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። የደከመ ፓምፕ ያለው መኪና ቆላ ላይ ደህና ሆኖ እዚህ ሲወጣ የሚጠነክርባችሁ ለዚህ ነው።

አንደኛው ርግጫ ወደ ወለል ተጠግቶ፣ ወዲያው ሲደገም ከፍ ካለስ? ይህኛው ለብቻው መነገር አለበት።

የእጅ ፍሬን አለመጠቀም

አገራችን ውስጥ ፒካፕ የሚቆመው በአንደኛ ማርሽና በድንጋይ ነው። የእጅ ፍሬን ጌጥ ነው። «ገመዱ እንዳያልቅ ብዬ ነው» የሚል ሁሉ አጋጥሞኛል።

በብዙዎቹ አሮጌ ሂሉክሶች ላይ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ጋር ያለውን ርቀት ራሱን የሚያስተካክለው የእጅ ፍሬኑ ሲሳብ ነው። ካልሳባችሁት አይስተካከልም። ሸራው እያለቀ፣ ከታምቡሩ እየራቀ ይሄዳል። ከሥር ያለው ማጠፊያ ክንድ ደግሞ በጭቃና በዝገት ይያዛል። ከዚያ ፔዳሉ ዝቅ ይላል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ርግጫ ያን ክፍተት በመሙላት ያልቃል።

እና ሰው ምን ያደርጋል? አየር ያስወጣል። አልተስተካከለም። እንደገና ያስወጣል። ማስተር ይገዛል፣ ያስገጥማል። አልተስተካከለም። አንድ ጊዜ ሁለት ማስተር ቀይሮ ሦስተኛውን መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ገዝቶ በእጁ ይዞ የመጣ ሰው ነበር። ጎማውን አንስተን፣ ከኋላ ባለችው ቀዳዳ ካቻቪቴ አስገብተን፣ የሸራውን ርቀት የምታስተካክለውን ባለጥርስ ኮከብ ሸራው ታምቡሩን እስኪነካ አዞርናትና ጥቂት ጥርስ መለስናት። የተያዘውን ክንድ ፈትተን ቀባነው። ከሰዓት በኋላ ሄደ። ሦስተኛውን ማስተር ይመልሱለት እንደሆን አላውቅም።

«አሁን ተስተካክሏል» ብሎ መንገድ መቀጠል

ከጎጃም ጤፍ እየጫነ የሚመላለስ አንድ ልጅ አለ። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአባይ በረሃን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ልጁ በአራተኛ ማርሽ፣ እግሩን ፍሬን ላይ እንዳሳረፈ ይወርዳል። ወደ መሀል ሲደርስ ፔዳሉ ወለል ነካ። ደጋግሞ ረገጠ፣ ምንም የለም። በእጅ ፍሬንና ማርሽ እየቀነሰ፣ ከተራራው ግድግዳ ጋር እያሻሸ አቆመው።

ወረደ። ድንጋይ አስደገፈ። ግማሽ ሰዓት ተቀመጠ። ተመልሶ ሲረግጠው ፔዳሉ እንደ ድሮው ነው! አዲስ አበባ ገብቶ ሁለት ጋራዥ አሳየ። ሁለቱም «ምንም የለውም» አሉት። እኔ ጋ ሲመጣ ክዳኑን ከፈትኩና «ይህ መቼ ነው የተቀየረው?» አልኩት። ዘይቱ የጀበና አተላ መስሏል።

«ይቀየራል እንዴ?» አለኝ።

ይቀየራል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ባትነኩትም። አዲስ ዶት 3 (የተለመደው የፍሬን ዘይት ዓይነት) ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ሲገባበት ይህ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። በረዥም ቁልቁለት ላይ ደግሞ ካሊፐሩ ይህን ሙቀት ያገኘዋል። ዘይቱ ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ዘይት ይሆናል፣ ማስረጃው ጠፋ። መካኒኩ ምንም ቢያጣ አይፈረድበትም፣ ካልተነገረው። ስለዚህ ንገሩት፦ የት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደተጫነ፣ በስንተኛ ማርሽ እንደነበራችሁ። ፔዳሉ ወለል ነክቶ ነበር ወይስ ጠንካራ ሆኖ መኪናው እምቢ አለ? ወለል ከነካ ዘይቱ ነው የፈላው። ጠንክሮ ካልያዘ የጋለው ፓዱና ሸራው ነው። መድኃኒታቸው የተለያየ ነው።

በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ። ቁልቁለቱን ደግሞ ከአፋፉ ላይ ማርሽ ቀንሳችሁ ጀምሩ፣ መሀል ደርሳችሁ አይደለም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ ፎሌ (ያለ ማርሽ) አድርጋችሁ የምትወርዱ ሰዎች አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ብታነሱ ፓምፑ ራሱ ነዳጁን ይቆርጠዋል። ፎሌ ስትሆኑ ነው ሞተሩ እንዳይጠፋ የሚጠጣው። ምንም አልቆጠባችሁም።

«ዘይት ዘይት ነው»

አይደለም። የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት የፍሬን ጎሚኒ ያሳብጣል። አንዲት ማንኪያ ይበቃል። ፍሬኑ መጀመሪያ ይይዛል፣ ከቀናት በኋላ አልለቅ ይላል፣ ከዚያ ማፍሰስ ይጀምራል።

እንዴት ታውቃላችሁ? የዕቃውን ክዳን ክፈቱ። ውስጡ ያለችው ጎማ አብጣ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍታ፣ ወደ ቦታዋ አልመለስ ካለች አንድ ሰው የማይሆን ነገር ጨምሯል። ለማረጋገጥ ከዘይቱ ትንሽ ቀድታችሁ በውሃ ብርጭቆ ላይ ጠብ አድርጉ። የፍሬን ዘይት ይዋሃዳል። ሌላው ይንሳፈፋል። ከተንሳፈፈ ጥገናው ውድ ነው፦ ማስተር፣ የአራቱም ጎማ የፍሬን ጎሚኒዎች፣ የጎማ ቱቦዎች፣ ጎሚኒ ያለበት ሁሉ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ተለማማጅ ሳለሁ ጎሚኒ በናፍጣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በኩራት አስገጥሜያለሁ። ናፍጣም ያው ነው። መኪናው በሁለት ሳምንት ተመለሰ።

መንገድ ላይ የሳሙና ውሃ ጨምረው የደረሱም አሉ። ውሃ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከዚህ በላይ ምን ልበል።

ዶት 3 እና ዶት 4 ይቀላቀላሉ። ዶት 5 ከእነሱ ጋር አይቀላቀልም፣ ቁጥሩ ስለበለጠ ይሻላል ብላችሁ አትግዙ። ከታሸገ ጠርሙስ ብቻ ግዙ። ተከፍቶ ከርሞ የቆየውን ጣሉት፤ አዎ፣ ግማሽ ቢሆንም።

የሚያፈሰውን ቱቦ ጨፍልቆ መርሳት

ገጠር መንገድ ላይ የኋላ ቱቦ ቢፈነዳ፣ ቱቦውን አጥፎ በፒንሳ ጨፍልቆ በሦስት ጎማ ፍሬን ቀስ ብሎ ከተማ መግባት ያለ ነገር ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ጥፋቱ ከተማ ከገቡ በኋላ ነው። ፍሬኑ ይይዛል፣ ኑሮ ይቀጥላል፣ ይረሳል። መኪናው ይሸጣል። አዲሱ ባለቤት በዝናብ ቀን ሲረግጥ ለምን እንደሚሽከረከር አይገባውም። አሮጌ ፒካፕ ስትገዙ ከሥር ግቡና የኋላውን ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታችሁ ተከተሉት። የተጨፈለቀ፣ በብሎን የተደፈነ፣ በብየዳ የተቀጠለ ካገኛችሁ ዋጋ ተከራከሩበት፣ ከዚያ ቀይሩት። የነዳጅ ቱቦ አምጥቶ በክላምፕ ማሰር ደግሞ የሚታሰብ አይደለም። 70 ባር ብያችኋለሁ።

ባሌስትራ ጨምሮ ቫልቩን መርሳት

ይህን ብዙ መካኒክም አያውቀውም፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ከኋላ አክስል በላይ፣ ሻሲው ላይ አንድ ቫልቭ አለ። ከእሱ ቀጭን ዘንግ ወጥቶ አክስሉ ላይ ታስሯል። ጭነት ሲበዛ ካሶኒው (የጭነቱ ሳጥን) ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ቫልቩ ለኋላ ጎማ ተጨማሪ ፍሬን ይሰጣል። ባዶ ሲሆን ኋላው እንዳይንሸራተት ይቀንሳል። ጎበዝ ነገር ነው።

አሁን እናንተ ብዙ ለመጫን ሁለት ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከም ተጣጣፊ ብረት) ጨመራችሁ። መኪናው ተነሳ። ቫልቩ ካሶኒው ከፍ ያለው ባዶ ስለሆነ ነው ብሎ ያስባል። አሥራ አምስት ኩንታል ጭናችሁ እሱ «ባዶ ነው» ብሎ የኋላውን ፍሬን ይነፍጋችኋል። ሁሉም ሥራ ፊት ላይ ይወድቃል፣ የፊት ፓድ በወራት ያልቃል፣ ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ይፈላል። ልጁ ከጎጃም ያመጣው ፒካፕም ሲታይ ባሌስትራ ተጨምሮበታል፣ ዘንጉ ደግሞ በሽቦ ተጠፍሮ ታስሯል። ማን እንዳሰረው ማንም አያውቅም።

ባሌስትራ ስትጨምሩ የዘንጉን ርዝመትና ማሰሪያ አብራችሁ አስተካክሉ። አየር ስታወጡም ቫልቩ ላይ የራሱ ማውጫ ካለ አትዝለሉት።

አየር ማውጣት ላይ የሚሠሩ ጥፋቶች

እዚህ ጋ መናዘዝ አለብኝ። ራሴን ችዬ መሥራት በጀመርኩበት ዓመት የአንድ ሂሉክስ ሁለቱንም የፊት ካሊፐር አውርጄ አደስኩ። መልሼ ገጠምኩ፣ አየር ማውጣት ጀመርኩ። ረዳቴ ይረግጣል፣ እኔ ካሊፐሩ ላይ ያለውን የአየር ማውጫ እከፍታለሁ። ጠዋት ጀምረን ምሳ ሰዓት ደረሰ። ፔዳሉ ስፖንጅ ነው። ሁለት ጠርሙስ ዘይት አለቀ። ማስተሩን ሰደብኩ፣ ዘይት ሻጩን ሰደብኩ። ወደ 10 ሰዓት ላይ የጋራዡ አዛውንት መካኒክ ሻይ በእጃቸው ይዘው መጡ። ጎንበስ ብለው አዩና ምንም ሳይሉ በሻይ ማንኪያው ማውጫውን መታ መታ አደረጉት። ማውጫው ከታች ነው። የግራውን ቀኝ፣ የቀኙን ግራ ገጥሜያቸዋለሁ። አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ከታች ስጠብቀው ነበር። እስከ ዛሬ ማውጫ ከላይ መሆኑን ሳላይ ቁልፍ አላነሳም።

ሌላው የረዳቱ እግር ነው። አሮጌ ማስተር ላይ ፔዳሉን እስከ ወለል አትርገጡት። በዘወትር አነዳድ ፒስተኑ ደርሶበት የማያውቅ፣ የዛገ ቦታ አለ። ጎሚኒው እዚያ ሲሄድ ይቀደዳል። ለአየር ማውጣት ገብታ ማስተር ገዝታ የምትወጣ መኪና ብዙ ጊዜ የዚህ ተጠቂ ናት። ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት አስቀምጡ።

ከሩቁ ጎማ ጀምሩ። ዕቃው ባዶ እስኪሆን አትዘናጉ። በማውጫው የወጣውን ዘይት መልሳችሁ አትጨምሩ፤ «ንጹሕ ነው እኮ» የሚለውን መስማት ሰልችቶኛል።

በአጭሩ የማልፋቸው

ታምቡሩ ወልቆ ሳለ ፔዳል መርገጥ። ፒስተኖቹ ዘለው ይወጣሉ፣ ፊታችሁ ላይ።

የተቦረቦረ ዊል ሲሊንደር ውስጥ አዲስ ጎሚኒ መክተት። ግድግዳው ላይ ጥፍራችሁ ከያዘ ሲሊንደሩን ራሱን ቀይሩ።

ፍሬን ሲይዝና አልለቅ ሲል ካሊፐር ብቻ መጠርጠር። ያረጀ የጎማ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ይዘጋል፤ ዘይቱን ያስገባል፣ አይመልስም።

ጨው ጭኖ ካሶኒውን አለማጠብ። ቱቦዎቹ ከሥሩ ናቸው።

ሳይረግጡ መንቀሳቀስ

ፓድ ሲቀየር ፒስተኖቹ ወደ ውስጥ ተገፍተዋል። የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው፣ ወለል ይነካል። ሁለተኛውም። ሦስት አራት ጊዜ ረግጣችሁ ፔዳሉ ሲጠነክር ነው ማርሽ የሚገባው። ይህን ለልጆቹ በየወሩ እናገራለሁ። የጋራዣችን የብረት በር ላይ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ልክ በሂሉክስ መከላከያ ቁመት አንድ ጎድጓዳ አለ። ደንበኞች ሲጠይቁኝ «ከመከራየታችን በፊት የነበረ ነው» እላለሁ። ልጆቹ ግን ያን ጊዜ መሪው ላይ ማን እንደነበር ያውቃሉ፣ እኔ ፊት አይስቁም እንጂ።